የተሻረ ድል ይቆጠር? በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን የዓመት በዓመት ሠንጠረዥ ላይ የተነሣ ክርክር

አዘጋጅ፦
የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ታሪክ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሠንጠረዥ ሲጻፍ የትኛው ውጤት ነው የሚሰፍረው? ሜዳ ላይ የተገኘው ነው ወይስ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ኤንሲኤኤ ከቀጣ በኋላ የተረፈው? ዩኒቨርሲቲው «የኔ ነው» የሚለው ብሔራዊ ዋንጫስ ሁሉ ይቆጠርለታል?

ለመነሻ አላባማን ወስጃለሁ፤ የችግሩ ዓይነት ሁሉ እዚህ ቡድን ላይ ስላለ። ጨዋታው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቡድኑ የጀመረው በ1892 ሲሆን በ1898፣ በ1918 እና በ1943 ቡድን አላሰለፈም። እነዚህን ሦስት ዓመታት ዘልሎ ማለፍ ስህተት ነው፤ ረድፋቸው ይኑርና «ቡድን አልነበረም» ይባልበት። አለዚያ አንባቢ ገጽ የጎደለ ይመስለዋል።

ሜዳው ይፍረድ፦
እኔ የሜዳው ውጤት ብቻ ይጻፍ ባይ ነኝ። በ2005 አላባማ ፍሎሪዳን በገዛ ከተማው ቱስካሉሳ 31 ለ 3 አሸንፏል። ከዓመታት በኋላ ቅጣት መጣና ድሉ ተሻረ። የፍሎሪዳን ሠንጠረዥ ብትከፍቱ ግን ያ ሽንፈት እስከ ዛሬ ቦታው ላይ ነው፤ 9 ድል 3 ሽንፈት። አሸናፊ የሌለው ሽንፈት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ታሪክ ሊባል አይችልም።

መዝገብ ቤት፦
ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ቅጣቶችን እንዳናደባልቅ እፈራለሁ። ፎርፌ ሌላ ነው፣ መሻር ሌላ ነው።

ፎርፌን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያሸነፈው ይሸነፋል፣ የተሸነፈው ድል ይሰጠዋል። የአላባማ የ1993 ዓመት እንዲህ ነው የተቀጣው። ሜዳ ላይ 9 ድል፣ 3 ሽንፈት፣ 1 አቻ ነበር። ከወኪል ጋር የፈረመ ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ 8 ድልና አቻዋ ፎርፌ ሆኑ። ይፋዊው ውጤት 1 ድል 12 ሽንፈት ነው። ያቺ አንዷ ድል ሰሜን ካሮላይናን 24 ለ 10 ያሸነፉባት የጌተር ቦውል ጨዋታ ናት፤ ቦውል የሚባለው መደበኛው ውድድር ካለቀ በኋላ በግብዣ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ከአላባማ ጋር 17 ለ 17 የተለያየው ቴነሲም በዚህ የተነሣ 9-2-1 (ድል-ሽንፈት-አቻ) የነበረው 10-2 ሆነለት።

መሻር ግን የሚነካው የተቀጣውን ቡድን ድል ብቻ ነው። ተጋጣሚው ምንም አያገኝም፣ ምንም አያጣም። ከ2005 እስከ 2007 የተፈጸመው ይህ ነው። የትምህርት ወጪያቸው የሚሸፈንላቸው ተጫዋቾች በዚያ መብት መማሪያ መጻሕፍት እያወጡ ለሌሎች ተማሪዎች ይሰጡ ነበር። ውሳኔው በ2009 ሲወጣ 21 ድል ተሻረ፤ ከ2005 አሥሩ፣ ከ2006 ስድስቱ፣ ከ2007 አምስቱ።

ቁጥር ወዳድ፦
መዝገብ ቤት ያለው ልዩነት ስሌት ላይ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በፎርፌ የጨዋታው ብዛት አይቀየርም፤ 1993 ከቅጣቱ በፊትም በኋላም 13 ጨዋታ ነው። በመሻር ግን ጨዋታው ራሱ ከመዝገብ ይወጣል። የሦስቱን ዓመታት ድምር እዩት፦

2005፦ ሜዳ ላይ 10-2፣ በይፋ 0-2
2006፦ ሜዳ ላይ 6-7፣ በይፋ 0-7
2007፦ ሜዳ ላይ 7-6፣ በይፋ 2-6

ሜዳ ላይ 23 ድል 15 ሽንፈት፣ በ38 ጨዋታ 60.5 በመቶ ነው። በይፋ 2 ድል 15 ሽንፈት፣ በ17 ጨዋታ 11.8 በመቶ። የተሻሩትን ድሎች ቀንሶ አካፋዩን 38 ላይ የሚተው ሰው 5.3 በመቶ ያገኛል፤ ይህ በየትኛውም ሕግ ትክክል አይደለም። በተቃራኒው የተሻሩትን ድሎች ወደ ሽንፈት አምድ የሚያዛውርም አለ፤ ያ ደግሞ ፎርፌ ማድረግ ነው።

ከ1996 በፊት ላሉት ዓመታት አቻ መኖሩም አይረሳ። ድል ላይ የአቻውን ግማሽ ደምሮ ለጠቅላላው ጨዋታ ማካፈል ነው። አሰልጣኝ ቤር ብራያንት በአላባማ ከ1958 እስከ 1982 ያስመዘገበው 232-46-9 ነው፤ 236.5 ለ287 ሲካፈል 82.4 በመቶ ይመጣል። አቻዎቹን ጭራሽ ከጣላችሁ 83.5 ይሆናል፣ ከሌሎች ምንጮች ጋርም አይገጥምም።

የሸዋ ልጅ፦
አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የቦውል ጨዋታ ጥር መግቢያ ላይ ቢሆንም የሚመዘገበው በመኸር በተጀመረው ዓመት ነው። አላባማ ዋሽንግተንን 20 ለ 19 ያሸነፈበት ሮዝ ቦውል ጃንዋሪ 1 ቀን 1926 ተደርጎ የ1925 ረድፍ ላይ ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ግን መኸሩም ቦውሉም 1918 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወደ እኛ ዘመን የሚቀይር ሰው ከመኸሩ ዓመት ሰባት፣ ከቦውሉ ዓመት ስምንት ይቀንስ እንጂ ከሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ቀንሶ ሁለት ረድፍ እንዳያደርገው።

መዝገብ ቤት፦
ትክክል ነው። ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ይፋዊው ቁጥር ካልተከበረ ቅጣት ምን ትርጉም አለው? የአላባማውን አሰልጣኝ የኒክ ሴባንን ድምር ውሰዱ። ሜዳ ላይ ከ2007 እስከ 2023 ድረስ 206-29፣ በይፋ 201-29። አምስቱ ድሎች የተሻሩት እሱ በመጣበት የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ ጥፋቱ ግን ከእሱ በፊት የጀመረ ነበር። አሳዛኝ ነው፤ ሆኖም ሕጉን እያንዳንዳችን በስሜታችን ከለወጥነው የሁለት ቡድኖች ሠንጠረዥ ማወዳደር አይቻልም።

ሜዳው ይፍረድ፦
ማወዳደር የሚቻለውማ በሜዳው ውጤት ነው! በይፋዊው 2005 የ0-2 ቡድን ነው፤ ያው ረድፍ ላይ ቡድኑ ኮተን ቦውል ደርሶ ቴክሳስ ቴክን 13 ለ 10 ማሸነፉ ሲጻፍ አንባቢ ምን ይበል? አንድም ድል የሌለው ቡድን እንዴት ቦውል ተጋበዘ?

አዘጋጅ፦
ለዚህ መፍትሔው ሁለት አምድ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሜዳው ውጤት፣ ቀጥሎ ይፋዊው፣ ልዩነት ባለበት ረድፍ ላይ ኮከብ ምልክትና የአንድ መስመር ምክንያት። ከ1892 ጀምሮ ምልክቱ የሚያስፈልገው ለአራት ረድፍ ብቻ ነው፦ 1993፣ 2005፣ 2006፣ 2007። ከታች ያለው ጠቅላላ ድምርም ሁለት መሆን አለበት። ብዙ ሠንጠረዥ የሚበላሸው ረድፎቹ በሜዳው ውጤት ተሞልተው ድምሩ ከይፋዊው ሲቀዳ ነው።

አሁን ወደ ዋንጫው ነገር እንለፍ።

ቁጥር ወዳድ፦
ዋንጫው ላይ እኔም ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። ኤንሲኤኤ በዚህ ከፍተኛ ደረጃ ራሱ ሻምፒዮን አይሰይምም። ከ1936 ጀምሮ አሶሺየትድ ፕሬስ በጋዜጠኞች ድምፅ፣ ከ1950 ጀምሮ የአሰልጣኞች ምርጫ፣ ከ1998 በኋላ ደግሞ በፍጻሜ ጨዋታ። ከዚያ ውጭ በሒሳብ ቀመር ደረጃ የሚያወጡ ግለሰቦች ነበሩ።

አላባማ 18 ዋንጫ አለኝ ይላል። ከእነዚህ አንዱ የ1941 ነው። በዚያ ዓመት 9-2 ነበሩ፤ በሚሲሲፒ ስቴት 14 ለ 0፣ በቫንደርቢልት 7 ለ 0 ተሸንፈዋል። የጋዜጠኞቹ ሻምፒዮን ያልተሸነፈው ሚኒሶታ ነበር፣ አላባማ 20ኛ ነው። ዋንጫው የተገኘው ሁልጌት ከሚባል የሒሳብ ደረጃ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው መቁጠር የጀመረውም በ1980ዎቹ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ!

የሸዋ ልጅ፦
በ1966 ደግሞ 11-0 ጨርሰው፣ ሹገር ቦውል ላይ ነብራስካን 34 ለ 7 አሸንፈው ሦስተኛ ተባሉ። ኖትርዳምና ሚሺጋን ስቴት እርስ በርስ 10 ለ 10 ተለያይተው ከላያቸው ተቀመጡ። የዚህን ዓመት ዋንጫ ዩኒቨርሲቲው «የኔ ነው» ብሎ አይጠይቅም። እውነተኛ በደል ካለ እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱ የድምፅ አሰጣጡ ጊዜ ነው። በ1964 ጋዜጠኞቹ የመረጡት ከቦውል በፊት ስለነበር አላባማ በቴክሳስ 21 ለ 17 ቢሸነፍም ዋንጫው ጸና። በ1965 ከቦውል በኋላ ተመረጠ፤ ከላይ የነበሩት ሦስቱ ሲሸነፉ አላባማ ዘልሎ አንደኛ ሆነ። በ1966 እንደገና ወደ ቦውል በፊት መለሱት። የአሰልጣኞቹም እንዲሁ ነበር፤ በ1973 አላባማን መርጠው ኖትርዳም በቦውሉ 24 ለ 23 አሸነፈው፣ ከ1974 ጀምሮ ምርጫውን ከቦውል በኋላ አደረጉት።

መዝገብ ቤት፦
ስለዚህ የዋንጫ አምድ ላይ «ሻምፒዮን» ብቻ ማለት በቂ አይደለም። መራጩ ይጻፍ፦ 1964 ጋዜጠኞችና አሰልጣኞች፣ 1973 አሰልጣኞች፣ 1941 ሁልጌት። አንባቢው ሚዛኑን ራሱ ያያል። በዚህ እስማማለሁ፣ ሁለቱን አምድም እቀበላለሁ፤ ይፋዊው ከፊት ይሁን እንጂ።

ሜዳው ይፍረድ፦
ከፊት የሜዳው። በዚህ አልለቅም።

አዘጋጅ፦
የአምዱ ቅደም ተከተል በድምፅ ይለይ። የ1941 ረድፍ 9-2፣ ጋዜጠኞች 20ኛ፣ ሁልጌት 1ኛ ተብሎ ይገባል። የ1966 የዋንጫ ሳጥን ባዶ ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲው ያልጠየቀውን እኛ አንሰጠውም።

የሸዋ ልጅ፦
ይሁን። የጋዜጠኞቹ ሦስተኛ ደረጃ ግን ከ11-0 ጎን ይጻፍ፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ 9-0-1 እንደነበሩም በማስታወሻው ውስጥ ይግባ።