የ«ጆርኒ» ሙዚቃ ከጌሙ ውጭ ለምን ይለይብኛል?

ሄኖክ_ሳሪስ
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ጆርኒን ጨረስኩት። በ2012 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው፣ ቀይ ካባ የለበሰ መንገደኛ በረሃ አቋርጦ ወደ አንድ ተራራ የሚሄድበት ጌም ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ንግግር የለውም። ሙዚቃው ግን ልቤን ወሰደው! መጨረሻ አካባቢ፣ በረዶው ላይ እግሩ እየከበደው ሲሄድ ኦርኬስትራው እየሳሳ እየሳሳ ነፋስ ብቻ ይቀራል። መንገደኛው ይወድቃል። ከዚያ ሙዚቃው እንደገና ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዞህ ሲወጣ እንባዬ መጣ።

አሁን አልበሙን ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ። ያምራል፤ ግን እንደዚያ አይዘኝም። ትዝታው ነው ወይስ ሙዚቃው ራሱ ይለያል?

ቤቲ_ጌመር
ለኔ ምስሉ ነው። ያ የሚያብረቀርቅ አሸዋ ከሌለ ግማሹ ነገር ይቀራል።

ድምፅ_ሰሪው
ቤቲ ልክ ነሽ፣ ግን ሙዚቃውም በእርግጥ ይለያል። እኔ ስቱዲዮ ስለምሠራ ይህን ጌም እንደ ትምህርት ነው የማየው።

ጌሙ ውስጥ ሙዚቃው እንደ ዘፈን ተጀምሮ አያልቅም። ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው። የፈራረሰውን ድልድይ የምትጠግንበትን ቦታ አስታውስ። ዝም ብለህ ብትቆም ያው ለስላሳ ክፍል እየተመላለሰ ይጠብቅሃል። ሥራህን ስትቀጥል ደግሞ ሙዚቃውም አብሮህ ያድጋል። ስለዚህ አንተ የሰማኸውን እኔ በትክክል አልሰማሁትም፤ አካሄዳችን ይለያያላ! አልበሙ ላይ ግን አቀናባሪው ኦስቲን ዊንቶሪ ርዝመቱን አንዴ ወስኖታል። አንተን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ነገር ቼሎው ነው፤ ያ ትልቅ ቫዮሊን የሚመስለው፣ በቀስት የሚጫወቱት መሣሪያ። ቼሎው መንገደኛው ራሱ ነው፤ ሌላው ኦርኬስትራ ዓለሙ ነው። መክፈቻው ላይ ቼሎ ተጫዋቿ ቲና ጉዎ ብቻዋን ስትጫወት ስማት። ማሲንቆ ለብቻው ሲያንጎራጉር እንደሚሆነው፣ እያንዳንዱ የቀስቱ እንቅስቃሴ ይሰማል። ኋላ የመቄዶንያ ራዲዮ ሲምፎኒክ ኦርኬስትራ ሲገባ ያቺው ዜማ ናት የምትሰፋው። ተራራው ላይ ያስለቀሰህም እሷው ናት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጆሮህ ስታሳድጋት ቆይተህ ነው። ከመሃል አንዱን ትራክ መዘህ ብትሰማ ይህ ሁሉ ይቀርብሃል። ከአንድ ጀምረህ፣ ሳታቋርጥ፣ በቅደም ተከተሉ ስማው።

የማታ_ተጫዋች
የመጨረሻውን ዘፈን እንዳትዘሉት አደራ! ሊዝቤት ስኮት ናት የዘፈነችው። ግጥሙ በላቲን፣ በግሪክ፣ በጥንት እንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጃፓንኛ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ያለ ቃል ከሄድክ በኋላ የሰው ቃል ስትሰማ ሌላ ነገር ነው። አልበሙ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ሲታጭ፣ ፊልምን ለመሳሰሉ የምስል ሥራዎች በተሠራ ሙዚቃ ዘርፍ ከጌም ሙዚቃ የመጀመሪያው ነበር። ባያሸንፍም ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ የጌም ሙዚቃ የልጆች ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎችን አፍ አስይዟል።

ሄኖክ_ሳሪስ
ተባረኩ። ለካ እኔ ሁሌ እያቀላቀልኩ ነበር የምከፍተው። ዊንቶሪ ከዚህ ሌላ ምን ሠርቷል?

ድምፅ_ሰሪው
በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን «አብዙ» የሚባለውን ጌም ሞክር። ባሕር ውስጥ የምትዋኝበት ነው። እዚያ ደግሞ ሃርፑን (የፈረንጆቹን በገና) እና መዘምራኑን ልብ ብለህ ስማ። ብቻ በጥሩ ሄድፎን ይሁን፤ በስልክ ስፒከር የታችኛው ድምፅ አይሰማህም።