በ«ጰ» ቤት የሚጀምር ባለ 4 ፊደል ቃል ያላችሁ?

ሰላም ናችሁ? ከደብረ ብርሃን ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ መስቀለኛ ቃላት እያዘጋጀሁ አንድ መስመር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ከ«ጰ» እስከ «ጶ» ባሉት ፊደላት የሚጀምር፣ በ«ስ» የሚያልቅ፣ ባለ 4 ፊደል ቃል ቸገረኝ። ጴጥሮስና ጳውሎስ ልክክ ይላሉ፤ ግን የሰው ስም አይፈቀድም። ጳጳስ ያጥራል፣ ጰራቅሊጦስ ይረዝማል። መዝገበ ቃላት ብገልጥ የ«ጰ» ክፍል ገና ሳይጀመር ያልቃል።

«ስ»ዋ የመጣችው ወደ ታች ከሚነበበው «ገብስ» ነው። እሱን ማውጣት ደግሞ አልፈልግም፤ የደብረ ብርሃን ጨዋታ ያለ ገብስ ምኑን ጨዋታ ሆነ!

ቃሉ ካላችሁ ወዲህ በሉ። ከሌለ በ«ት» የሚያልቅ፣ አገራችንን የሚመስል ባለ 3 ፊደል ቃል ጠቁሙኝና «ጳጳሳት»ን አስገባለሁ። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው።