ኒዮኖቼ ጥግ ይዘው ቀሩ፤ ከ10ሩ የተረፉት ስድስት ናቸው

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ተክሎቹ ደህና ናቸው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን እንጨት ላይ አስሬያለሁ፣ ከኋላ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የሚረዝመው ቫሊስኔሪያ አለ። ያስጨነቁኝ ዓሣዎቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ 10 ኒዮን ቴትራ አምጥቼ አሁን ስድስት ቀርተዋል። አንድ በአንድ ነው የሚሞቱት። መጀመሪያ ላይ ግር ብለው አብረው ይዞሩ ነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ከማጣሪያው ሥር ጥግ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ማለዳ መብራቱን ሳበራ ሰማያዊው መስመራቸው ጠፍቶ አመድ መስለው አገኛቸዋለሁ፣ ልቤ ነው የሚሰበረው። በሽታ ይሆን?

ንጽህና እንዳልል በየቅዳሜው ከግማሽ በላይ ውሃ እቀይራለሁ፣ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆን አሽቼ አጥበዋለሁ። ምግብ ጠዋትና ማታ ነው፤ የእህቴ ልጅም አንዳንዴ ዳቦ ይፈረፍርላቸዋል። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የለኝም፤ የሸጠልኝ ሰው አያስፈልግሽም ብሎኛል። እባካችሁ የቀሩትን እንዴት ላትርፍ?

የአዘዞው መምህር፦
ሰላም ልጄ። ከአመዱ ልጀምርልሽ፣ እሱ በሽታ አይደለም። ኒዮን በጨለማ ሲያርፍ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ሲያገኝ ቀስ እያለ ይመለሳል። የሚያስፈራው ቀኑን ሙሉ ገርጥቶ የሚውል፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን የሚዋኝ፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ነገር ያወጣ ነው። እሱ የኒዮን በሽታ የሚባለው ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት የለውም፣ የሞተውን ዓሣ ሌሎቹ ሲበሉት ይተላለፋል። ስለዚህ የሞተ ካየሽ እዚያው በዚያው አውጪው፣ ማታ እመለስበታለሁ አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስፖንጁን አትጠቢው። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ይህን አሞኒያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም ገና መርዝ ነው፣ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ መጥቶ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ሲቀይረው ነው ዓሣው እፎይ የሚለው፤ ናይትሬት ካልበዛ አይጎዳም፣ ተክሎችሽም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ነው። ተባዝተው ሥራቸውን እስኪችሉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንቺ ግን በየሳምንቱ ክሎሪን ባለበት ውሃ ትፈጂያቸዋለሽ፣ እነሱም እንደገና ከሀ ይጀምራሉ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ስፖንጁን የምታጸጂው የውሃው ግፊት ሲቀንስ ብቻ ነው፣ እሱንም ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርገሽ መመለስ። ውሃ በሳምንት ሩቡን ያህል ቀይሪ። የቧንቧውን ውሃ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ክፍት አድርገሽ አንድ ቀን አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ካላችሁ እሰየው፤ ግን ቤት ውስጥ ሰው ለመጠጥ ብሎ የክሎሪን ጠብታ እንዳልጨመረበት ጠይቂ። እኔ በአንድ ማለዳ 14 ዓሣ ያለቀብኝ በዚህ ነው፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ዳቦውን ተዪው፣ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ምግባቸውን በጣትሽ አድቅቀሽ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ፣ በቀን አንዴ።

ቀሃ ዳር፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ ግን ብርዱን አልፈውታል። እኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ነኝ፣ የታኅሣሥን ሌሊት አውቀዋለሁ። ኒዮን የአማዞን ተፋሰስ ዓሣ ነው፣ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቴርሞሜትር ግዢና ቀትር ላይ ሳይሆን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንብቢው፣ ያኔ ጉዱን ታያለሽ። ሂተር ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ ቁጠሪ፣ ላንቺ 50 ወይም 75 ዋት ይበቃል። መብራት ሲሄድ ጋቢ አጥፈሽ ጎንና ጎኑን ሸፍኚው፣ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዝልሻል።

ሌላው አየር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ አገር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል፣ በዚያ ላይ ተክሎች ሌሊት እነሱም ኦክስጅን ይወስዳሉ። ማለዳ ላይ ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አንስተው ሲያለከልኩ ካየሽ ከዚህ ነው። የማጣሪያውን መውጫ ወደ ላይ መልሺው፣ ገጹ ይናወጥ። ሂተር ካጣሽ ደግሞ ወደፊት ዚብራ ዳኒዮ የሚባለውን ዓሣ አስቢበት፣ 18 ዲግሪን ይችላል። በነገራችን ላይ ጥግ የያዙት ስለቀነሱም ነው። የመንጋ ዓሣ ቁጥሩ ሲያንስ ይፈራል።

የአዘዞው መምህር፦
ሂተሩ ላይ ተስማምቻለሁ፣ ልናገረው ይገባ ነበር። ዳኒዮው ላይ ግን አልስማማም። ሩጫ የሚወድ ዓሣ ነው፣ ርዝመት ያለው አኳሪየም ይፈልጋል። በተክል ጥላ ሥር ተረጋግቶ የሚኖረው ኒዮን ነው።

ጎርጎራ፦
እንዲህ ከሚሰቃዩ ቀሃ ወንዝ ብትለቂያቸው አይሻልም? ቢያንስ ነጻ ይወጣሉ።

ቀሃ ዳር፦
ወንድሜ፣ ይሄን ነገር በጭራሽ እንዳታደርጉት። ቀሃ መገጭ ወንዝ ገብቶ ጣና ነው የሚደርሰው። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። እምቦጭስ? ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ለጌጥ እየተባለ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው፣ በፈረንጆቹ 2011 ጣና ላይ ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ከነልጆቹ በእጁ ሲነቅል እኮ በዓይናችን አይተናል። የአኳሪየም ዓሣም ተክልም ወንዝ አይጣልም። የተከረከመ ቅጠል እንኳ እኔ ፀሐይ ላይ አድርቄ ነው የምጥለው።

የማራኪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቀሃ ዳርም። ከጻፍኩ 12 ቀን ሆነኝ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ስለካው 17 ዲግሪ! ቀትር ላይ ግን 22። ለካ በየቀኑ አምስት ዲግሪ ሲወርድና ሲወጣ ነበር የሚውሉት። ሂተር አስመጣሁ፣ በየቀኑ አንድ ዲግሪ እየጨመርኩ 24 ላይ አቆምኩት። ስፖንጁን አልነካሁም። የእህቴን ልጅም አስረድቼዋለሁ፣ አሁን ምግቡን አድቅቆ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ሁለት ደቂቃውንም በስልክ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም።

ትናንት ማታ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዷ ከማጣሪያው ሥር ወጣች፣ ቫሊስኔሪያው መሃል ገባችና ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያ አራቱም ተከተሉ። ሰማያዊው መስመር ከቅጠሉ ኋላ ብልጭ ድርግም ሲል እንባዬ መጣ። አሁን ጥያቄዬ፣ አራት ጨምሬ 10 ልሙላቸው ወይስ አንቱ እንዳሉት 6 ሳምንቱ ይለፍ?

የአዘዞው መምህር፦
ደስ ብሎኛል ልጄ። ቆዪ። የውሃ መመርመሪያ ወረቀት ፈልጊ፣ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተሽ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካሳየሽ ያኔ አምጪ። አዲሶቹን ግን ቀጥታ አታስገቢያቸው፣ በሌላ ዕቃ ሁለት ሳምንት ለብቻቸው ይሰንብቱ። ለዚያ ዕቃ ማጣሪያ ከሌለሽ አሁኑኑ ትርፍ ስፖንጅ ከነባሩ ጎን አስገቢ፣ እስከዚያ ባክቴሪያው ይሠፍርበታል።