ላጤውና የአምስት ሰው አስተዳዳሪው እኩል ግብር ይክፈሉ? የደመወዝ ግብርና ቤተሰብ

የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ አዳማ፦
ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ የደመወዝ ግብር ሲሰላ የሠራተኛው ቤተሰብ ሊታሰብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው፤ እኔ ይገባል ባይ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ብዙዎቻችንን አስደስቶናል፤ ሆኖም ሕጉ ዛሬም የሚያየው ደመወዝተኛውን ብቻ እንጂ ከደመወዙ የሚበሉትን አይደለም። የወር ደመወዜ 20,000 ብር ሲሆን 4,950 ብር ለግብር ይቆረጣል። ባለቤቴ ሦስተኛ ልጃችን ሲወለድ ሥራ አቁማለች፤ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት እናቴም ከእኛው ጋር ስለሚኖሩ ደመወዝ በገባ ቀን መጀመሪያ የምሄደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። አጥር የምንጋራቸው ባልና ሚስት ልጅ የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው 10,000 ብር ስለሚያገኙ የቤታቸው ገቢ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ የሚከፍሉት ግብር ግን ተደምሮ 3,300 ብር ነው። በእኩል ገቢ ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት ሁለት ሰው ከሚኖርበት ቤት በየወሩ 1,650 ብር አብልጦ የሚከፍልበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሕግ ከሕግ አለመስማማቱ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል፤ ወላጅና ልጅም ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እንግዲህ አንዱ ሕግ እናትህን ጡር፣ ደመወዝህም የሁለታችሁ ነው ሲለኝ ሌላው ደመወዙን የአንድ ሰው አድርጎ የላይኛውን ክፍሉን በ35 በመቶ እርከን ያስቀርጠዋል።

የባንክ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ የእናትዎ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ መፍትሔው የባልና ሚስትን ገቢ መደመር ከሆነ ግን በብርቱ እቃወማለሁ። ባል 14,000፣ ሚስት 6,000 ብር ያገኛሉ እንበል። ዛሬ እርሷ በራሷ ደመወዝ የምትከፍለው 700 ብር ነው። ገቢያቸው ተደምሮ በዚሁ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ቢሰላ የእርሷ 6,000 ብር በሙሉ ከባልዋ ላይ ተደርቦ 35 በመቶ እርከን ላይ ስለሚወድቅ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። እንደ ጀርመን ገቢው ተደምሮ ለሁለት ተካፍሎ ይሰላ ቢባልም፣ ባል ብቻውን ሲሠራ 1,800 ብር የነበረው የቤቱ ግብር እርሷ ሥራ ስትጀምር 3,300 ብር ይደርሳል። ለሞግዚትና ለትራንስፖርት ከፍላ እጇ ላይ የሚቀረውን ስታሰላው ቤት መዋል ይሻላል ብትል አይፈረድባትም። ስዊድን በ1971 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ባልና ሚስትን ለየብቻ ወደ ማስከፈል የዞሩት አለምክንያት አይደለም። የእኛ ሕግ ሚስትን በራሷ ስም ግብር ከፋይ አድርጎ መቁጠሩን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ክብር ነው የማየው።

ሜሪላንድ ነዋሪ፦
እዚህ አሜሪካ ባልና ሚስት ገቢያችንን ለግብር በአንድነት ማስታወቅ እንችላለን፤ ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅም ከግብሩ ላይ ይቀነሳል፤ ለ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነው። ነገር ግን በየወሩ ገንዘብ የምልክላቸው ወላጆቼ ኢትዮጵያ ስለሚኖሩ ጥገኛ አድርጌ ላስመዘግባቸው አልችልም፤ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ጥገኛ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። ቤተሰብን እቆጥራለሁ የሚል ሕግም ቢሆን ቤተሰብ ማን እንደሆነ የሚወስነው ራሱ ነው።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ፦
እኔ ከአሠራሩ በኩል ልናገር። ደመወዝ ብቻ የሚያገኝ ሰው ግብር ቢሮ ሄዶ ገቢውን የማያስታውቀው አሠሪው ቆርጦ ስለሚያስገባለት ነው፤ የሥርዓቱ ጥንካሬም ይህ ቀላልነቱ ነው። የሠራተኛው ሚስት ሌላ መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደምታገኝ በየወሩ እየጠየቅሁ ግብር ላሰላ አልችልም፤ ሠራተኛውም የሚስቱን ደመወዝ ለእኔ መንገር የለበትም። ልጆችን በሚመለከት ግን ነገሩ የተለየ ነው። ለጡረታ ምዝገባ የትዳር ጓደኛን፣ የልጆችንና የወላጆችን ስም የያዘ ቅጽ ከጋብቻና ከልደት ማስረጃ ጋር ስለምንቀበል ፋይሉ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ አዳማ፦
እህቴ ያቀረቡት ስሌት አሳምኖኛል፤ የባልና ሚስት ገቢ ይደመር የሚለውን ትቻለሁ። ግብር ከፋዩ ግለሰብ ሆኖ ይቀጥል፤ ለእያንዳንዱ ልጅና ተጧሪ ወላጅ ግን የተወሰነ ብር ከግብሩ ላይ ይቀነስለት። ከደመወዙ ላይ ሳይሆን ከግብሩ ላይ የምለው፣ ከደመወዝ ላይ 1,000 ብር ነፃ ቢደረግ እኔ 350 ብር ሳተርፍ 4,000 ብር የሚያገኘው የጥበቃ ሠራተኛችን የሚያተርፈው 150 ብር ብቻ ስለሆነ ነው፤ የልጁ ዳቦ ከልጄ ዳቦ አይረክስም።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ፦
በልጆቹ እስማማለሁ፤ አባትና እናት ሁለቱም ደመወዝተኞች ከሆኑ አንዱ ብቻ ያስመዝግብ። ወላጅ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። አንዲትን እናት አራት ልጆች በየፊናቸው እየረዱ፣ አራቱም በአራት መሥሪያ ቤት ተጧሪ አለኝ ቢሉ በምን እናጣራለን?

የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ አዳማ፦
እናቴ ከሌሎች ሦስት ልጆቻቸው ጋር አይኖሩም፤ ከእኔ ጋር ናቸው፤ የነዋሪነት መታወቂያቸውም የወጣው እኔ ከምኖርበት ቀበሌ ነው። ወላጅ ከማን ቤት ተመዝግቦ እንደሚኖር አይቶ ለአንዱ ልጅ ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ርቀው ገንዘብ የሚልኩት እህቶቼ በዚህ እንደሚጎዱ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ የሚሆን መንገድ ያለው ካለ እዚሁ ያቅርብልን።