ለወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ነው፤ የዘረመል ምርመራው ከማን ይጀመር?

ጥያቄ (ሰላም፣ ሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ በሲስት (ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች) ተሞልተው ዲያሊሲስ ላይ ይገኛል። እናታችንም ያረፈችው በዚሁ በሽታ ነው። እኔ 29 ዓመቴ ነው፤ የደም ዓይነታችን ይስማማል። አልትራሳውንድ ተነስቼ አንድም ሲስት አልታየም፣ ክሪያቲኒኔም (የኩላሊት ሥራ የደም መለኪያው) ደህና ነው። የንቅለ ተከላ ቡድኑ ግን ያለ ዘረመል ምርመራ አንቀጥልም አለ። ራሴ ከፍዬ ቶሎ ላሠራው ወይስ ወንድሜ ይቅደም? «ኤፖኤል1» የሚባል ምርመራም ታዞልኛል፤ እሱስ ለምንድን ነው?

ዶ/ር ኃ.፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ይቅደም። ይህ ፖሊሲስቲክ የሚባለው የኩላሊት በሽታ ከታመመ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። 78 በመቶ ያህሉ ቤተሰብ ውስጥ ጥፋቱ ያለው ፒኬዲ1 ጂን ላይ፣ በ15 በመቶ ያህሉ ፒኬዲ2 ላይ ነው። በቀሩት ሌላ ጂን ይገኛል ወይም ጭራሽ ምንም አይገኝም። አንቺ ብቻሽን ተመርምረሽ «አልተገኘም» ብትባዪ፣ አልወረስሽም ማለት ይሁን ምርመራው የእናንተን ቤት ለውጥ ሳያይ አልፎት ይሁን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። የወንድምሽ ለውጥ ከታወቀ ግን አንቺ ላይ የሚፈለገው ያችው አንዲት ቦታ ናት። መልሱም አለ ወይም የለም ነው።

አልትራሳውንዱ በ29 ዓመት ነፃ አያወጣሽም። በቤተሰቡ በሽታው ላለበት ሰው ከ15 እስከ 39 ዓመት በሁለቱም ኩላሊት ተደምሮ 3 ሲስት ከታየ በሽታው አለ ይባላል፤ አለመታየቱ ግን እንደዚያ እርግጠኛ አያደርግም፣ በተለይ ፒኬዲ2 ከሆነ ሲስቱ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ኤምአርአይ ይሻላል፤ ከ16 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ የሁለቱ ኩላሊት ድምር ከ5 ሲስት በታች ከሆነ ለልገሳ በቂ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል።

ብሩክ (ላብራቶሪ)፦
ከማዘዛችሁ በፊት ላብራቶሪው ፒኬዲ1ን እንዴት እንደሚያነብ ጠይቁ። ይህ ጂን እዚያው 16ኛው ክሮሞዞም ላይ 6 የማይሠሩ ቅጂዎች አሉት፤ ከ46 ኤግዞኖቹ (የጂኑ ክፍሎች) የመጀመሪያዎቹ 33ቱ ከቅጂዎቹ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። ለዚህ ያልተዘጋጀ ምርመራ እውነተኛውን ከቅጂው እየቀላቀለ ያለውን ለውጥ ሊስት፣ የሌለውንም ሊያወጣ ይችላል። ሎንግ ሬንጅ ፒሲአር (ረጅም የጂን ቁራጭ አባዝቶ የሚያነብ ዘዴ) ወይም ለይቶ እንዲያነብ የተሠራ ፓነል (የብዙ ጂኖች ምርመራ) ይሁን። ተቆርጦ የጠፋ ወይም የተደገመ ክፍልም የሚፈለግ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አንዳንድ ላብራቶሪ ይህን ለብቻው ካልታዘዘ አይሠራውም።

ሲስተር ት. (ዲያሊሲስ ክፍል)፦
የወንድምሽ ናሙና ደም ቢሆን ይመረጣል። ፈሳሽ የተገደበበት ታካሚ አፉ ደረቅ ስለሆነ 2 ሚሊ ሊትር ምራቅ መሙላት ይቸግረዋል፤ የምራቅ ቱቦው የልክ መስመር ላይ የደረሰው አረፋ ከሆነ ደግሞ አይቆጠርም። ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ቱቦውን ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ መገልበጥ ነው፣ መናጥ አይደለም። እጥበቱ ሲጀመር፣ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት) ከመሰጠቱ በፊት ከእጥበቱ የደም መስመር ይቀዳ፤ ሄፓሪን ፒሲአሩን ያበላሻል። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦም ሄፓሪን ስላለበት የማይሆነው ለዚሁ ነው። እንዲህ ሲሆን የክንዱ ደም ሥርም አይነካም። በቅርቡ ደም ተሰጥቶት ከሆነ ቅጹ ላይ ይጻፍ።

ዶ/ር ኃ.፦
ኤፖኤል1 ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህ ጂን ጂ1 እና ጂ2 የሚባሉ ለውጦች በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ውስጥ በብዛት አሉ፤ ከሁለቱም ወላጅ የወረሳቸው ሰው ለኩላሊት በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። አሜሪካ ውስጥ ለጥቁር ለጋሾች የሚታዘዘው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ግን እስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚህ ለውጦች አልተገኙም። ውጤትሽ ንጹህ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ስለ ሲስቱ በሽታ ግን ምንም አይነግርሽም፤ በእሱ እንዳትዘናጊ።

ሰላም፦
አመሰግናለሁ። የወንድሜ ውጤት መጣ፤ ፒኬዲ1 ላይ «ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ» ይላል። አሁን እኔ ልመርመር?

ማ. (የዘረመል አማካሪ)፦
ገና ነው። በዚህ ውጤት ለጋሽ አይጣልም፣ አይጸድቅምም። የእኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለው መልስ የሚበዛው በማነጻጸሪያው የመረጃ ቋት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። መፍትሔው ዘመድ ነው። በእናታችሁ ወገን ሲስት ያለበት አጎት ወይም አክስት ካለ፣ አዲስ አበባም ቢሆኑ፣ የምራቅ ናሙና ይስጡ፤ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራም ሆነ ማስቲካ አይነካም። የታመመው ዘመድ ለውጡ ከሌለው፣ በሽታውን ያመጣው ሌላ ነው ወደሚለው ያደላል። ካለው ማስረጃው ይጠነክራል፤ አንድ ሰው ብቻ ግን አይበቃም፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ በምስል ነፃ የተባለ ዘመድም ጨምሩበት። ይህ እስኪያልቅ ኤምአርአዩን አሠሪ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ የጤና መድን ድርጅትና ቀጣሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገልሉሽ ይከለክላል፤ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድንን ግን አይመለከትም። የሕይወት መድን ልትገቢ ካሰብሽ፣ የራስሽን ናሙና ከመስጠትሽ በፊት ጨርሺው።