ዲፕ ቲሹ ማለት ጠንክሮ መጫን ነው እንዴ? የማሳጅ ዓይነቶች በእጅ ሥራ ሲለዩ

መዳፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ስሞቹ ሳይሆን እጁ ስለሚሠራው ነው። ስዊድሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ትሪገር ፖይንት፣ ሺያትሱ፣ ታይ፣ የሊምፍ ማሳጅ... ማስታወቂያው ላይ ሁሉም «ያፍታታል፣ ድካም ያወጣል» ነው የሚለው። ደንበኛ መጥቶ «ጠንከር አድርግልኝ» ሲል ደግሞ ብዙው አሻሽ የሚያደርገው ያንኑ ስዊድሽ በእጥፍ ጉልበት መድገም ነው። ውጤቱ ይታወቃል፤ ደንበኛው በማግስቱ ጀርባው በልዞ ይነሳል፣ የአሻሹም አውራ ጣት ያብጣል።

ሦስት ነገር በዝርዝር ብታስረዱኝ፦ ዲፕ ቲሹ ከስዊድሽ የሚለየው በምንድነው? ቀለል ያለ እጅ የሚሻልበት ጊዜ አለ ወይ? በመጨረሻም፣ መቀመጫ ላይ በክርን ሲሠራ አንዳንዱ ደንበኛ «እስከ እግሬ ወረደ» ይላል፤ ይህ ቦታው የመገኘቱ ምልክት ነው ወይስ መቆም አለበት?

ቀስ በል

የመጀመሪያውን ልውሰድ። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ «ጥልቅ ሥጋ» እንደማለት ነው። ዲፕ ቲሹን ጥልቅ የሚያደርገው ዝግታው ነው፤ ጉልበት ሁለተኛ ነው።

ስዊድሽ አምስት የእጅ እንቅስቃሴዎች አሉት፦ መዳበስ፣ ማሸት፣ መፈተግ፣ መታ መታ ማድረግ እና ማንቀጥቀጥ። ስማቸው በሥልጠና ላይ እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛ ነው፤ ኤፍሉራዥ፣ ፔትሪሳዥ እያለ ይሄዳል። ምስጋናው ብዙ ጊዜ ለስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ ይሰጣል፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ያቋቋመ የአካል እንቅስቃሴ ሰው ነበር። የፈረንሳይኛ ስሞቹን ከማሳጁ ጋር በማያያዝ የሚታወቀው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሃን ጌዮርግ ሜዝገር (1838–1909) ነው። ሥራው ላይ ለውጥ የለውም፤ ስም ብቻ አይቶ ዓይነት መለየት ግን እንደማያዋጣ ያሳያል።

አሁን ወደ እጁ። ስዊድሽ ላይ ለሙሉ ጀርባ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይፈስና መዳፉ በረጅሙ ይንሸራተታል። ዲፕ ቲሹ ላይ ያ ዘይት ጠላት ነው። እጁ ቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ከሥሩ ያለውን ሥጋ አይዝም። ለጀርባ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ከበዛ በፎጣ ጥረገው።

ከአከርካሪው ጎን ለጎን የሚወርደውን ረጅም ጡንቻ እንውሰድ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በመዳፍ ይሞቃል፤ ይህ አይዘለልም። ከዚያ ክንድህን፣ ከክርን ዝቅ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ፣ ከወገብ በላይ አሳርፍ። የእጅ አንጓህ ልል ይሁን፤ ጡጫህን ከጨበጥክ ክንድህ ራሱ ድንጋይ ይሆናል፣ የምትዳስሰውም አይሰማህም። አቅጣጫው ከቆዳው ጋር 45 ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቀጥ ብለህ ከላይ ከጫንክ ጡንቻውን ከጎድን አጥንት ጋር ታጋጨዋለህ፤ መበለዙም ከዚያ ነው የሚመጣው። ክብደትህን ቀስ ብለህ ልቀቅና ደንበኛው ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ ሳትንቀሳቀስ ጠብቅ። ሥጋው ከሥርህ ሲለሰልስ ይሰማሃል፤ ያኔ ብቻ ወደፊት ሂድ። ከወገብ እስከ ትከሻ አንድ ጊዜ ለማለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይገባል። በአሥር ሰከንድ ከጨረስከው የሠራኸው ስዊድሽ ነው፣ ያውም የሚያም ስዊድሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፍክ ቦታውን ተወው። አከርካሪው ራሱ ላይ ክንድ አይወጣም።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ጠይቀው፤ ከ6 ወይም ከ7 ማለፍ የለበትም። አፉ «ይመቻል» እያለ የእግር ጣቶቹ ከተኮማተሩ ወይም ትንፋሹን ከያዘ ግን የምታምነው እግሩን ነው። ጡንቻ ሲፈራ ራሱን ይቋጥራል፤ አንተ የበለጠ በጫንክ ቁጥር እሱም የበለጠ ይቋጠራል፣ ትግሉ ያኔ ይጀመራል።

የአልጋው ከፍታም ወሳኝ ነው። ቆመህ እጅህን ወደ ታች ስትለቅ ጡጫህ አልጋውን ለመንካት ይቅረብ፤ ለዲፕ ቲሹ ከዚያም ጥቂት ዝቅ ይበል። አልጋ ከፍ ሲል ክብደትህ አይወርድም፣ በትከሻህ መግፋት ትጀምራለህ። የምትለው አውራ ጣት የሚያብጠውም ለዚህ ነው። አውራ ጣት ለማግኘት እንጂ ለመጫን አይደለም፤ ያገኘኸውን ለክንድ ወይም ለክርን አስረክብ።

ነጥብ ፈላጊ

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ እኔ ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ፣ ከትሪገር ፖይንት ጋር ስለሚያያዝ።

ትሪገር ፖይንት የሚባለው በተወጠረ የጡንቻ ክር ውስጥ ያለ ቋጠሮ ነው፤ ሲጫኑት ሕመሙን ሌላ ቦታ ይልካል። ሐሳቡን በስፋት ያስተዋወቀችው ጃኔት ትራቬል ናት፤ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የኋይት ሐውስ ሐኪም የነበረችው። ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ጠርዝ ላይ ያለው ቋጠሮ ሕመሙን ወደ ጭንቅላት ጎን ይልካል። ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጀርባ ያለው ደግሞ ትከሻው ፊት ለፊት ይሰማል። ከመቀመጫ ጎን ያለው ትንሹ ጡንቻ እስከ ቁርጭምጭሚት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «እግሬ ድረስ ወረደ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም።

የሚለየው የስሜቱ ዓይነት ነው። የጡንቻው ደብዛዛ፣ የሚጠዘጥዝ፣ ቀስ ብሎ የሚሰፋ ነው፤ እጅህን ሳታነሳ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ብትቆይ በግማሽ ይቀንሳል። የነርቩ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ወይም ጉንዳን እንደወረረው ያደርጋል፣ ወይም ያደነዝዛል፤ በቆየህ ቁጥርም ይብሳል። ሁለተኛው ከሆነ እጅህን በዚያው ቅጽበት አንሳ። ትልቁ የእግር ነርቭ የሚወርደው ስንቀመጥ ወንበሩን ከሚነካው አጥንትና ከዳሌው ጎን ጎላ ብሎ ከሚታየው አጥንት መካከል ነው፤ የክርን ጫፍ እዚያ መካከል ቦታ የለውም። ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወይም ወደ ላይ ውጣ፣ በክንድ ሰፊ ገጽም ሥራ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቋጠሮውን አግኝ፣ ሕመሙ 5 ወይም 6 እስኪሆን ጫን፣ ሲቀንስ ትንሽ ጨምር፣ ከ90 ሰከንድ አትለፍ፣ ከዚያ ጡንቻውን ዘርጋው። መዘርጋቱን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው። የማጅራቱን ጠርዝ ከላይ አትጫነው፤ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች መካከል ይዘህ ቆንጥጠው።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ይነገር። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ጀርባ ሲዳስሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቋጠሮ ላይ አይስማሙም፤ ቋጠሮው በትክክል ምን እንደሆነም አሁንም ክርክር አለበት። ሕመሙ መቀነሱስ ይቀንሳል፤ ግን «ቋጠሮውን ሰበርኩት» ብለህ ለደንበኛ አትናገር።

ቀላል እጅ

ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነው። አዎ፣ የሊምፍ ማሳጅ ላይ ጉልበት ጥፋት ነው። ሊምፍ ማለት ከሥጋ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው።

ዴንማርካውያኑ ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር ባልና ሚስት ያዳበሩት ሲሆን ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የሊምፍ ጥቃቅን ቱቦዎች ከቆዳ ሥር ወዲያውኑ ያሉ፣ በቀላሉ የሚደፈጠጡ ናቸው። ከሥር ያለው ጡንቻ ከተሰማህ ከልክ በላይ ጭነሃል ማለት ነው። ዘይት የለም። መዳፍህ ቆዳውን ይዞ በግማሽ ክብ ይለጥጠዋል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል፤ ቆዳው ራሱ ነው የሚመለሰው። አንዱ እንቅስቃሴ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ በአንድ ቦታ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይደጋገማል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። እጅ ካበጠ የሚጀመረው ከእጁ አይደለም። መጀመሪያ አንገት ሥር፣ ከአግዳሚው አጥንት በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ፤ ሊምፉ ተመልሶ ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነውና። ቀጥሎ ብብት፣ ከዚያ የላይኛው ክንድ፣ መጨረሻ ላይ መዳፍ። በር ሳይከፈት ሰው ወደ በር መግፋት ምን ያደርጋል? ከካንሰር ሕክምና በኋላ ለሚመጣ የእጅ እብጠት ከሆነ ማሳጁ ብቻውን አይበቃም፤ ከመጠቅለያ ፋሻ፣ ከእንቅስቃሴና ከቆዳ እንክብካቤ ጋር ነው የሚሄደው፣ ለዚህም ለብቻው የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ባቱ ሞቆና ቀልቶ የሚያም ከሆነ አትንካው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ያ ሰው የሚሄደው ሐኪም ጋ ነው፣ በዚያው ሰዓት። ቆዳው በኢንፌክሽን የቀላ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ወይም ቁጥጥር ውስጥ ያልገባ የልብ ድካም ያለበትም እንዲሁ።

ምንጣፍ ላይ

ታይና ሺያትሱን ማንም ስላልነካቸው። ሁለቱም ወለል ላይ፣ ልብስ ሳይወልቅ፣ ያለ ዘይት ይሠራሉ። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

ሺያትሱ መጫን ነው። አውራ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ ቀጣዩ ነጥብ። ጣቱ አይገፋም፤ ክንዱ ተዘርግቶ የሰውነት ክብደት ነው የሚወርደው። ጃፓናዊው ቶኩጂሮ ናሚኮሺ ያስፋፋው መንገድ ይህ ነው። ታይ ላይ ደግሞ መዳፍ፣ ክርን፣ ጉልበትና እግር ሁሉ ይሠራሉ፣ ግማሹ ሥራም መዘርጋት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በ45 ደቂቃ የሚያልቅ ታይ እምብዛም አያረካም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ይፈልጋል። መዘርጊያው ላይ ደንበኛው ትንፋሹን ሲያወጣ ነው የሚገፋው፤ በእጅ ማርገብገብ ወይም ድንገት መንቀል የለም።

ታይ ውስጥ ብሽሽት ላይ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ለጥቂት ሰከንዶች ጭኖ መልቀቅ የሚባል ዘዴ አለ፤ ሙቀት ወደ እግር ሲወርድ ስለሚሰማ ደንበኛ ይወደዋል። በኔ ግምት ቢቀር ይሻላል። ደም ግፊት፣ የልብ ችግር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላለው ሰው አደጋ ነው፣ የሚያስገኘው ጥቅምም ከዚያች ሙቀት አያልፍም።

የእግር መዳፍ ሪፍሌክሶሎጂ (መዳፉ ላይ ያሉ ነጥቦች ከውስጥ አካላት ጋር ይያያዛሉ በሚል የሚሠራው) ደስ ይላል፣ ያዝናናል፤ በእግር መዳፍ በኩል የኩላሊት በሽታ ይታወቃል የሚለውን ግን ተወው። አንገት ቀጭ ማድረግም ማሳጅ አይደለም። አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ግድግዳ ሊሰነጥቅ ስለሚችል ያልሠለጠነ እጅ አይሞክረው።

መዳፍ

በጣም አመሰግናለሁ፣ የነርቩና የጡንቻው ልዩነት በተለይ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ደንበኛ «ላክቲክ አሲዱን አውጣልኝ» ሲል ምን ይባላል? ደግሞስ ክንድ ፈጽሞ ማረፍ የሌለበት የትኞቹ ቦታዎች ላይ ነው?

ቀስ በል

ላክቲክ አሲድ የሚሉት፣ ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚፈጠረው ነገር፣ ከስፖርት በኋላ በአንድ ሰዓት አካባቢ ውስጥ በራሱ ከደም ይጸዳል፤ በማግስቱ አንተ ጋ ሲመጣ የለም። የሚያመው ጡንቻው ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳት ነው፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይበረታል። በዚያ ጊዜ ቀለል ያለ እጅ ሕመሙን ትንሽ ያስታግሳል፤ ዲፕ ቲሹ ግን ቁስል ላይ ቁስል ነው። ማሳጁ ራሱ ያመጣው ሕመምም በሁለት ቀን ካልለቀቀ በዝቶ ነበር ማለት ነው። እጅግ ከባድ ማሳጅ ተደርጎለት ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሰው ደግሞ ውኃ ጠጣ ተብሎ አይሸኝም፤ ጡንቻ ተሰባብሮ ኩላሊት ላይ እየከበደ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቤት ይሂድ።

ቦታዎቹ፦ የአንገት ፊትና ጎን (እዚያ ያለው የደም ሥር ሲጫን የልብ ምት ሊወርድና ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል)፣ ብብት፣ ከክርን በስተፊት ያለው እጥፋት፣ ከክርን ጀርባ ነርቭ የሚያልፍበት ጎድጓዳ፣ ብሽሽት፣ ቋንጃ። ከታችኛው ጎድን ሥር፣ ኩላሊት ባለበት፣ መታ መታ አይደረግም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ በስኳር ምክንያት እግሩ ለደነዘዘ ሰው ክርን የሚባል ነገር የለም፤ የደነዘዘው እግር ላይ ትኩስ ድንጋይም አይቀመጥም፣ ሲቃጠል አይሰማውምና። ነፍሰ ጡር ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ በጀርባዋ ረጅም ጊዜ አትተኛ፤ በጎን፣ ትራስ በጉልበቶቿ መካከልና ከሆዷ ሥር፣ ባቷንም በጥልቀት አትጫን። ወገቡን የሚያመው ሰው ደግሞ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም በጭኖቹ መካከል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ አልጋው ላይ አይወጣም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ቀላል እጅ

አንድ ጭማሪ ከዘይት ጋር። መዓዛ የሚጨምሩ ካሉ 30 ሚሊ ሊትር ላይ 6 ጠብታ 1 በመቶ ይሆናል፤ ለውዝ የማይስማማው ደንበኛ መኖሩንም ጠይቁ፣ ብዙ የማሳጅ ዘይት ከለውዝ ዓይነት ነው የሚጨመቀው። ዘይት የጠጣ ፎጣ ደግሞ በሙቅ ውኃና በበቂ ሳሙና ይታጠብ። ዘይቱ ሳይለቅ ማድረቂያ ማሽን ገብቶ፣ ትኩስ እንዳለ ታጥፎ ከተከመረ ከውስጥ እየጋለ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ እጠፉት።