ከውጭ ሆኖ ቤት ለመሸጥ የቆየው ጠቅላላ ውክልና ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅዳ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ለታናሽ ወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼው፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን እያከራየና ግብሩን እየከፈለ ቆይቷል። አሁን ገዢ ተገኝቶ ውል ሊፈራረሙ ቢሄዱ «ይህ ለሽያጭ አይሆንም» ተባለ። ወረቀቱ «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር» ይላል፤ ምን ጎደለው?

መልስ 1፦ የጎደለው «እንዲሸጥ» የሚለው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 እና 2204 መሠረት በጠቅላላው የተሰጠ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን፣ ማለትም ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን፣ ገንዘብ መሰብሰብን፣ ዕዳ መክፈልንና የመሳሰሉትን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም በመያዣነት መስጠት፣ ስጦታ ማድረግ፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ግን በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ወንድምዎ ያለ ችግር ማከራየት የቻሉትም ለዚሁ ነው።

መልስ 2፦ ባለትዳር ነዎት? ቤቱ የጋራ ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የባለቤትዎም ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ የእርስዎ ውክልና ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቤቱን የገዛነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ባለቤቴም አብሮኝ እዚሁ አለ።

መልስ 3፦ እንግዲያው ቆንስላው ዘንድ አብራችሁ ቀርባችሁ ሁለታችሁም ወክሉ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። አጻጻፉ ላይ ግን አትቸኩሉ። ቤቱ በካርታ ቁጥሩና በአድራሻው ይገለጽ፤ «እንዲሸጥ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ዝቅተኛው ዋጋም ይወሰን። እኔ ብሆን ክፍያው በቀጥታ በእናንተ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ አስጽፍ ነበር፤ ወንድምን መጠርጠር መስሎ ሊታይ ቢችልም፣ ኋላ ቤተሰብ ለሽምግልና ከሚቀመጥ ይሻላል። ተወካዩ ለራሱ መግዛት እንዳይችልም ይጠቀስ። የቀድሞውን ውክልና ለመተው ካሰባችሁ፣ መሻሩን ለወንድምዎ ከማሳወቅ ባሻገር ዋናውን ሰነድ እንዲመልሱ ጠይቁ፤ ወረቀቱ በእጃቸው እስካለ ድረስ መሻሩን ያላወቀ ሦስተኛ ወገን አምኖት ሊዋዋል ይችላል። ሽያጩ እስኪያልቅ ድረስ ኪራዩን የሚሰበስቡት እሳቸው ከሆኑ ግን አሁን አትሻሩት።